አጥንት የተቆጠረ ዕለት

ከኅዳር ሚካኤል በፊት ባለው እሑድ የይፋግ ሽማግሎች ልጅ ሊጠይቁ ወረታ እህቴ ቤት መጡ። እኔም በጠዋት ከመንደሬ ከቁሐር ሚካኤል ተነሥቼ ሄድኩ። የተጠራሁት እንደ አክስት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አክስት ሆኜ ኖሬአለሁ፤ ለአክስትነት ማዕረግ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጄኔራል በሆንኩ።

የምትጠየቀው ልጅ አገኘሁሽ ትባላለች። ወረታ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለሰው ሁሉ የታናሽ እህቴ የሠርካለምና የባሏ የበላይነህ ልጅ ናት። የወለድኳት ግን እኔ ነኝ።

አምስተኛዬ ነበረች። ከእሷ በፊት አራት ወንዶች ወልጄአለሁ። ሠርካለም ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድም ልጅ አልሆነላትም፤ ጣራ ገዳም ጠበል እየተመላለሰች ሰውነቷ አለቀ። አንድ ቀን ባሌ ባየህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞፈሩን እንኳ ከትከሻው ሳያወርድ «ይህችን ለእህትሽ እንስጣት» አለኝ። የጠየቀኝ እንዳይመስላችሁ። ከበላይነህ ጋር ተነጋግረው ጨርሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ ገና አራስ ነኝ፤ የአራስ ቃል ደግሞ ማን ይሰማል?

ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና በተነሣች ማግስት፣ ቄስ ወገኔና ሦስት ሽማግሎች በተሰበሰቡበት፣ በላይነህ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አላሳት። እንዲህ የተሰጠች ልጅ በእኛ አገር የማር ልጅ ናት፤ ከዚያ ወዲያ አጥንቷ ማሩን ያላሳት ሰው ነው። ሠርካለምም ጡቷን ማር ቀብታ አጎረሰቻት። ልጅቱ ማሩን መጥጣ ስትጨርስ ወተት አጣችና አለቀሰች። ቄስ ወገኔ መስቀላቸውን አውጥተው አስማሉኝ፦ ወለድኩ ላልል፣ ለልጅቱም ለሰውም ላልናገር። እጄን መስቀሉ ላይ ሳሳርፍ የጡቴ ወተት ቀሚሴን አርሶት ነበር። ሽማግሎቹ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

በወሩ በላይነህ አንዲት የፎገራ ላም ከነጥጃዋ ነድቶ መጣ። ስጦታ ነው አለ። ላሟን እንኳ ከጥጃዋ አልለያትም። ወንዶቹ ልጆቼ ወተቷን እየጠጡ ወዛቸው ተመለሰ። እኔ ግን እስክታረጅ ድረስ አንድ ጉንጭ ከእሷ አልቀመስኩም። ባየህ ለምን ሲለኝ ሆዴን ይነፋኛል እለው ነበር። አመነኝ። ባየህ የሚመቸውን ነገር ለማመን ችግር የለበትም።

ሠርካለም ክፉ እናት ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! አልሆነችም። ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ነሐሴ እኛ ቤት ሊጠይቁን መጥተው ዝናብ ያዛቸው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆነ። ልጅቱ በዚያ መሐል ትኩሳት ያዛት። ሠርካለም ሐኪም ቤት ለማድረስ ታንኳ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ በነጠላ አዝላት እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከውኃው መሐል ልጅቱ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም «ወዬ» አልን። ሠርካለም ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ፣ አስፋልቱ ጋ እስክንደርስም ከኋላ እየገፋሁ ሄድኩ።

ደስታ አላየሁም ብል ውሸት ነው። በየገበያው ቀን ወረታ እወጣለሁ። ውኃው ሲሸሽ ሽምብራ ይዘራል፤ እሸቱ ሲደርስ ጭነት ሙሉ ይዤላት እሄዳለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን አብረን እየፈለፈልን የትምህርት ቤቷን ወሬ ታወራኛለች፣ መምህሮቿን እየቀዳች ታስቀኛለች። ትንሿ ጣቷ ልክ እንደ ባየህ ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት። እኔ ያቺን ጣት እያየሁ እሷ የምትለውን ሳልሰማ እቀራለሁ። «አክስቴ፣ ደግሞ ፈዘዝሽ!» ትለኛለች። እንግዲህ ደስታ ከተባለ ደስታዬ ይህ ነበር፤ አንድ እግር እሸት ተፈልፍሎ እስኪያልቅ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ሽማግሎቹ ከበሉ ከጠጡ በኋላ አጥንት ቆጠራ ተጀመረ። እንደምታውቁት ሁለቱም ወገን ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። መጀመሪያ በላይነህ ተነሥቶ የራሱን ዘር ቆጠረ፤ ሁሉም የደራ ሰዎች ናቸው። አላታለለም። ማሩን ያላሳት እሱ ነው፤ ልጅቱ አጥንቴ ናት ብሎ አምኖ ነው። ማር አባት ይለውጣል፣ ደም ይለውጣል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም፤ እኔም ብሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ትዝ አላለኝም።

ቀጥሎ የጠያቂው ልጅ የይሄይስ አባት አለኸኝ ተነሡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋቢያቸው ላይ ጉድፍ የማይታይ ሰው ናቸው።

«ይሄይስ የኔ፣ እኔ የተገኘ፣ ተገኘ የደሴ፣ ደሴ የቸኮል» አሉ። ኮራ ብለው ደግሞ ጨመሩበት፦ «ቸኮል ማለት ያ አንድ ዓይናው፣ የቁሐር ሚካኤሉ። አያታችን ደሴ በግጦሽ መሬት ተወንድሙ ካሴ ጋር ተጣልቶ ነው ወደ ይፋግ የተሻገረው።»

ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ጣሳው ሞልቶ የአንዱን ሽማግሌ እግር አራሰው።

እኔ ስዳር አማቴ የባየህን አጥንት የቆጠሩት ፊቴ ላይ ነው፦ ባየህ የአየነው፣ አየነው የካሴ፣ ካሴ የቸኮል። ጓዳ ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩ። እሷ፣ ባየህ፣ አየነው፣ ካሴ፣ ቸኮል። እሱ፣ አለኸኝ፣ ተገኘ፣ ደሴ፣ ቸኮል። በአምስተኛው ቤት አንድ ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም አምስት። ከሳሎን እልልታው ቀለጠ፤ ንጹሕ ነው ተብሎ ጋብቻው ለጥር ተቆርጧል።

ሠርካለም እልል እያለች ጓዳ ገባች። ፊቴን ስታይ እልልታዋ ተቋረጠ።

«ምነው እታለም? አመመሽ?»

«ቸኮል የባየህ ቅድመ አያት ነው» አልኳት። «ልጆቹ በአምስት ቤት ይገናኛሉ።»

በሩን በቀስታ ዘጋችው። «የባየህ ይሁን። አገኘሁሽ ምኗ ነው? አጥንቷ የበላይነህ አይዶለም ወይ?»

«ሠርኬ፣ ማር ነው እኮ ያላሳት። እንዲያው አንቺ ራስሽ ታምኚዋለሽ?»

«አምናለሁ!» አለች። ድምፅዋ ሊወጣ ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘችው። «ሃያ ሦስት ዓመት አምኜው ነው የኖርኩ። ደግሞስ አምስት ቤት ምን አላት? አዲስ አበባ ሦስት ቤትም ይጋባሉ። መሐላሽን እንዳትረሺ።»

«ለነፍሷ ብዬ ነው።»

እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ጉልበቴን አቅፋ ቀና ብላ አየችኝና በሕይወቴ ረስቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረች።

«ለነፍሷ አይዶለም። ቀን ስትጠብቂ ነው የኖርሽው። ልትቀሚኝ ነው።»

በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸቷን ነው ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱም ቸኮል የሚለውን ስም ስሰማ መጀመሪያ ከመጣብኝ ፍርሃት ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ደስ የሚል ነገር ነበረ። አሁን እንድናገር ተገደድኩ የሚል ደስታ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ነበረ።

ቁሐር ተመለስኩ። ሩዙ ደርሶ ስለነበር ቀን ሳጭድ እውላለሁ፤ ሐሳቤ ግን ከአምስቱ ቤት አይወጣም። ዝም ብል ዘመዳሞች ተክሊል ሊደፉ ነው። ብናገር መሐላ ልበላ ነው። ያስማሉኝ ቄስ ወገኔ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው፤ ሄጄ አልጠይቃቸው። ባየህንም አልጠይቀው፤ ያም ቢኖር ለእሱ የሚቀለውን ነበር የሚነግረኝ። መንደሩ ደግሞ ያውቃል፣ ግን የማር ልጅ ነገር ማንሣት ነውር ነው፤ ማንም አያነሣልኝም። የሚናገር አፍ ከተገኘ የኔው ብቻ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አገኘሁሽ ራሷ መጣች። ለሠርጉ የምለብሰውን ቀሚስ ይዛልኝ ነው። እኔ አውድማ ላይ ሩዝ ሳናፍስ አገኘችኝ። ቀሚሱን በላዬ ላይ ለክታ «ሙሽራዋን ልትበልጭ ነው እንዴ፣ አክስቴ?» አለችኝና ሳቀች። ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስለ ይሄይስ ነገረችኝ። ሒሳብ መምህር ነው፤ መድኃኒት ቤቷ ዓመት ሙሉ ለራስ ምታት እየመጣ ኪኒን ገዝቷል፣ ራሱን አሞት ግን አያውቅም። እያወራች ታበራለች። እኔ ያን ቀን ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«አገኘሁሽ» አልኳት፣ «የወለድኩሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሩን፣ መሐላውን፣ ቸኮልን። ነፋሱ ገለባውን ፀጉሯ ላይ ይበትነዋል፤ እሷ አታራግፈውም። ስጨርስ የጠየቀችኝ የጠበቅኩትን አልነበረም።

«ስንት ቀኔ ነበር?»

«ሰማንያ አንድ።»

«አራት ወንዶች ነበሩሽ። ለምን እኔን?»

ሌላ ነገር ልፈጥርላት እችል ነበር። «ወንዶቹ ለእርሻ ያስፈልጋሉ ተባለ» አልኳት። «አንቺ ሴት ነበርሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። የገባት ይመስል ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ የጎዳኝ።

«አንቺስ? አንቺ ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም።»

«ያን ጊዜ ነበር መናገር።» ተነሣች። «አሁን የነገርሽኝ ለአጥንቱ ነው ወይስ እናቴ እንድትባዪ?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። ስትዞር ፊቷ ደርቋል።

«ይሄይስ ቢሰማ ይስቃል። አባቱ ግን ያፈርሱታል፤ አውቃቸዋለሁ። እኔ ደግሞ እሱን አልተውም። እማዬንም በሰው ፊት አላዋርዳትም። ውኃ ውስጥ ያዘለችኝ እሷ ናት።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «አንቺ አንዴ ሰጥተሽኛል። የሰጠሽውን አትቀሚ። አንድም ነገር ጠይቄሽ አላውቅም አይደል? አሁን ልጠይቅሽ፦ ማንም ይምጣ ማን፣ አልወለድኳትም በዪ።»

ስትሄድ አልሳመችኝም። ያቺ ልጅ ሳትስመኝ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። በሃያ ሦስት ዓመት አክስትነት ያላጣሁትን በአንድ ሰዓት እናትነት አጣሁት። ቀሚሱ ጆንያው ላይ ቀረ፤ ገለባ ለብሶ እስኪጠፋ አላነሣሁትም።

ልደት በዋለ በሦስተኛው ቀን አለኸኝ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ደጄ ደረሱ። ወንበር አወጣሁላቸው። ጠላ አልጠጣም አሉ፤ ነገሩ ገባኝ።

«እመቤት ጥሩብርሃን» አሉኝ፣ «ይፋግ ገበያ ላይ አንድ የቁሐር ሰው ሞቅ ብሎት የማይረባ ወሬ አወራ። አገኘሁሽ የማር ልጅ ናት፤ አጥንቷ የባየህ ነው አለ። በወሬ ሰው አላዋርድም። መንደር ለመንደርም አልጠይቅም። የእናት አፍ ይበቃኛል ብዬ ወዳንቺ መጣሁ።»

ጨዋ ሰው ናቸው። ባይሆኑ ምን ነበረበት! ቢሰድቡኝ፣ ቢያስፈራሩኝ፣ በንዴት አፌ ያመልጠኝ ነበር። እንዲህ ተቀምጠው ፊቴን በአክብሮት ሲያዩኝ ግን መድረሻ አጣሁ። ከዛፎቹ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። እሱን እንዳላይ ፊቴን ወደ አውድማው አዞርኩ።

«አልወለድኳትም» አልኳቸው።

«በሚካኤል?»

«በሚካኤል።»

ሁለት መሐላ ነበረኝ፤ አንዱን ለልጄ በመናገር፣ ሌላውን ልጄን በመካድ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ጨረስኳቸው።

አለኸኝ እፎይ አሉ። ሊነሡ ሲሉ ግን ከሽማግሎቹ አንዱ፣ እድሜ የጠገቡት፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አትቀየሚን ልጄ። ያ ሰውዬ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያን ዓመት አርግዘሽ አይተንሻል፣ ክርስትናዋንም በልተናል ብሏል። ያች የወለድሻትስ የት ደረሰች?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አልወለድኳትም ለማለት ስዘጋጅ ሰንብቻለሁ፤ የወለድኳት የት ሄደች የሚለው ግን ትዝ አላለኝም። ሦስቱም ያዩኛል። ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ሞተች» አልኳቸው።

«እኔን! ምን አገኛት?»

«ተኛችና አልነቃችም። ሰማንያ አንድ ቀኗ ነበር።»

«መቃብሯስ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በኩል ነበር። የዚያ ክረምት ጎርፍ ወሰደው።»

ይህን ብዬ ልጨርስ ስል ልቅሶ መጣብኝ። ላፍነው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንዲያ ነው ያለቀስኩት፤ ደረቴን እየመታሁ፣ ስሟን ሳልጠራ፣ ገና ያን ዕለት የሞተችብኝ ይመስል። ማር በላሰች ቀን ልቅሶ ነውር ነው ተብዬ አላለቀስኩም፤ ዛሬ ሦስት ሽማግሎች ፊት ሲፈቀድልኝ ማቆሚያ አጣሁለት። ሽማግሎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከመሐላዬ ይልቅ ያሳመናቸው ልቅሶዬ ይመስለኛል።

አለኸኝ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እግዜር ያጥናሽ። ቁስልሽን ቀሰቀስነው፤ ይቅር በይን።»

«አሜን» አልኳቸው።

«እንግዲህ ዘመድ ልንሆን አይዶል? ለልጅሽ አንድ ነገር ሳናደርግ ብንሄድ ደስ አይለኝም። አሁን ሚካኤል ልንሳለም ነው። የክርስትና ስሟን ንገሪን፤ ተሙታን ጋር በጸሎት እንዲያስቧት ለቄሱ እንሰጣለን።»

የክርስትና ስሟን የማውቀው እኔ ነኝ። ወለተ ገብርኤል ናት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ወረታ ላይ ተክሊል ስትደፋ ቄሱ በዚያ ስም ይጠሯታል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የቆመች ልጄን ስም ከሙታን ጋር ላስነብብ ነው? አፌን ዘጋሁ። ሽማግሎቹ ይጠብቃሉ፤ ለቅሶው ያደናቀፈኝ መስሏቸው ጊዜ ሰጡኝ።

«ወለተ ሥላሴ» አልኳቸው። የራሴን ነው።

አለኸኝ እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ተነሥተው መርቀውኝ፣ ስሜን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።